የእኩለ ቀኑ ሳይረን ወንጀለኛ

አርዲስ ቮንድራ በአንዲት የነብራስካ ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆና አረጀች። ጡረታ ስትወጣ ኬክ ተቆረጠላት፤ የበሩንም ቁልፍ ተረከቧት። የኮምፒውተር የይለፍ ቃሏን መሰረዝ ግን ትዝ ያለው አልነበረም።

በዚያች ከተማ ሰው የሚበላው ሆዱ ሲጮኽ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱ በየቀኑ የሚያሰማው የእኩለ ቀን ሳይረን ሲጮኽ ነው። በመጋቢት አገሩ ሁሉ፣ የቀኑን ብርሃን ለመጠቀም በየዓመቱ እንደሚያደርገው፣ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ የሳይረኑን የሚገፋ ጠፋ፤ ከተማውም የዘገየውን ሳይረን እየጠበቀ ሹካውን ይዞ በጨዋነት ተራበ። አርዲስ አላስቻላትም። ከማድ ቤቷ ጠረጴዛ በድሮው የይለፍ ቃሏ ሳይረኑን ወደሚያዘው የከተማው ኮምፒውተር ገብታ አስተካከለችው።

በነጋታው ሁሉም በሰዓቱ በላ። ወንጀሉም ይኸው ነው።

ከንቲባ ከርት ከሰሳት። ሸሪፉ መጥሪያ ይዞ መጣ፤ ከጋገረችው ብስኩት ሁለት በልቶ ሄደ። እስሩ አላስጨነቃትም። የተፈረደበት ሰው ግን በደንቡ መሠረት ሕፃናት ወደሚጠበቁበት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል አይገባም። ልጅ ያልወለደችው አርዲስ ደግሞ እሁድን የሰው ልጆች እያቀፈች የምትኖረው እዚያ ነው።

«ምን አበላሸሁ?» አለች ችሎት ፊት።

«ማበላሸትዎን ማን ጠየቀ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «ጥያቄው ፈቃድ ነበረዎት ወይ ነው።»

«ሰው እየራበው?»

«ረሃብ ፈቃድ አይሰጥም፣ እመቤቴ።»

ዳኛው አዘኑላት፤ የከተማውን ኮምፒውተር ዳግም ላትነካ ፈርማ ክሱ ታገደ። ከነካች ግን ይፈረድባታል።

በኅዳር ሰዓቱ ወደኋላ ተመለሰ። እሁድ ስብከቱ ሳይጋመስ፣ ያልተስተካከለው ሳይረን አንድ ሰዓት ቀድሞ ጮኸ፤ ምእመናኑ ፓስተሩን ከነአሜኑ ጥለው ለምሳ ተነሡ። ከርት እየሮጠ ሕፃናቱ ክፍል ደረሰ። አርዲስ የእሱኑ ልጅ ታቅፋ ነበር።

«እማማ አርዲስ፣ በሞቴ! አዲሱ የይለፍ ቃል ከሁላችንም ጠፋ። የእርስዎ ግን ይሠራ ይሆናል...»

«ከስሰኸኝ ስታበቃ አልሰረዝከውም?»

«ረሳነው።»

«እንግዲያው ፈቃዱን በጽሑፍ አምጣ።»

«ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው በሚመጣው ወር ነው!»

«እስከዚያ ምሳችሁን በጥሬው ብሉ፣ ልጄ። እኔ ሕግ አከብራለሁ።»

ሕፃኑ አለቀሰ። አርዲስ ጡጦውን ሰጠችው። ሳይረን የማይጠብቅ እሱ ብቻ ነበር።