አያ ደምሌ የሚያድሏት ገነት

ልጅ ሳለሁ ጥርባ ሐይቅ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ሲመሻሽ፣ ረመጥ ውስጥ የተቀበረው ድንች እስኪበስል የአባቴ አጎት አያ ደምሌ ተረት ያወሩልን ነበር። ተረት ከተባለ ነው እንጂ ሁሉም አንድ ነበር፤ ኃጢአተኛ ይሞታል፣ ሲኦል ይወርዳል፣ እሳቸው ደስ ይላቸዋል። የኩራዙ ጭስ ዓይናቸውን እያስለቀሰው እንኳ የሰው ኃጢአት ጥርት ብሎ ይታያቸዋል። ጻድቁ ደግሞ ሁልጊዜ እንደሳቸው ረቡዕና ዓርብን የማይገድፍ፣ እንደሳቸው ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ያኔ አምናቸው ነበር፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ምሽት ጎረቤታችን ጥሩሰው እሳት ልትጭር መጣች። ያለ ባል የወለደች፣ አረቄ እያወጣች ልጇን የምታሳድግ ሴት ነበረች። አያ ደምሌ እንዳዩዋት በተረታቸው ሲኦል የወረደችው ሴት ድንገት አረቄ አውጪ ሆነች። እኛ ልጆች ነገሩ ገባንና ሳቅን። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ጥሩሰው ፍሙን በገል እንደያዘች ቆመች።

«አያ፣ በእርስዎ ተረት ውስጥ ክርስቶስ የለም?»

«አለ እንጂ! ለሚገባው ሰው አለ።»

«የሚገባው ሰው ካለማ ለምን ተሰቀለ? ፈያታዊ ዘየማን ስንት ዓርብ ጾሞ ነው ገነት የገባ? በቀኙ የተሰቀለ ወንበዴ ነበር፤ አመነ፣ አስበኝ አለ፣ ገባ። እኔም ኃጢአቴን አውቃለሁ፤ በየቀኑ አስበኝ እለዋለሁ። እርስዎስ ብለውት ያውቃሉ?»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። አያ ደምሌ «ባለጌ!» ያሉት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ድፍረታቸው ይችው ነበረች።

በዓመቱ ታመው ተኙ። ገነትን ለሰው ሲያድሉ የኖሩት ሽማግሌ፣ ሞት ሲመጣ እንደሳቸው የፈራ አላየሁም። የጾሙትን እያነሱ «አይበቃም፣ አይበቃም» እያሉ ያለቅሳሉ። እኔ አላዘንኩላቸውም። ጥሩሰው ግን አጥሚት ይዛ ትመጣና እንደ ሕፃን በማንኪያ እያጠጣች «አያ፣ በሉ አስበኝ ይበሉት» ትላቸው ነበር። ስንት ቀን ፊታቸውን አዞሩባት። አንድ ጠዋት ግን አሉት፤ ድምፃቸው ለጆሮ እንኳ አይበቃም ነበር። ከዚያ በኋላ አላለቀሱም፤ በሳምንቱ አረፉ።

ዛሬም እንጅባራ መንገድ ላይ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ አላፊ አግዳሚውን ሲኦል የሚያወርድ ሰው በሰማሁ ቁጥር አያ ደምሌ ይታዩኛል፤ እንደገና እንቃቸዋለሁ። ጥሩሰው ያለችው እውነት ከሆነ ግን እሳቸውም ገነት ገብተዋል፣ የሚገባቸው ሳይሆኑ። ይኸ እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል። እኔም የምገባበት ሌላ በር እንደሌለኝ ግን አውቃለሁ።