የጉግሱ ፈረስና የየኔታ «በል»

አንደበትን ለምስጋና፥ ጆሮን ለትምህርት የፈጠረ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ስም ጀምሬ፥ በቤቴ ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለ አንድ የዛገ ልጓም ጥቂት አጫውትሃለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ናት። ወገዳ ከተማ በነርስነት ትሠራለች። ለበዓል መጥታ ስልኳን ቻርጅ ስታደርግ ልጓሙ ነጠላዋን አቆሸሸባትና፥ «አያቴ፥ ይህን ብረት ልጣለው?» አለችኝ። አውርዳ እጄ ላይ አኖረችው። የዝገትና የአሮጌ ጠፍር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ብዙ ዘመን ተኝቶ የነበረው ብስጭቴም አብሮ ተነሣ። አዎን፥ ብስጭት ነው ያልሁህ። ሌላው ሰው ወጣትነቱን ሲያነሣ አፉ ማር ማር ይለዋል፤ እኔን ግን ያ ፈረስ ያቃጠለኝን ያህል ያቃጠለኝ ፍጥረት እስከ ዛሬ የለም።

ያን ጊዜ የድጓ ተማሪ ነበርሁ፤ ጢሜ ከበቀለ ቆይቷል። የሚያስተምሩኝ የኔታ በስማዳ፥ ኮረብታ ላይ ባለች ደብር፥ ከወይራ ጥላ ሥር ተቀምጠው አርባ ዓመት ያስተማሩ አባት ነበሩ። ድጓውን ጨርሻለሁ። የቀረኝ ወደ ጋይንት ተሻግሬ፥ ቤተ ልሔም ባሉት መምህር ፊት አሰምቼ ማስመስከር ብቻ ነበር። የኔታ ግን፥ «ብቻህን ብትሄድ የማን ልጅ ነህ ይሉሃል። እኔው ራሴ ይዤህ ገብቼ፥ ‹ይህ የእኔ ነው› ብዬ አቆምሃለሁ» ይሉ ነበር። ከዚህ ሌላ በዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አልነበረም፤ እኔም ከዚያ የሚበልጥ ክብር አልተመኘሁም። ችግሩ ጉልበታቸው መክዳቱ ነው። በቅሎዋቸውም በክረምቱ ገደል ገብታለች።

በዚህ መካከል ዳማው ፈረስ መጣ። ባለቤቱ በጉግስ ስሙ የተጠራ ገበሬ ነበር። ፈረሱ በየጥምቀቱ ሜዳውን ለብቻው ሲያደርገው ኖሮ፥ የፊት እግሩ ደረቅ ብሎ ከእሽቅድምድም ቀርቷል። ለጋሪ መሸጡን ሰውዬው ነውር አድርጎት፥ እየሳበ አምጥቶ ለየኔታ ሰጠ።

«ለነፍሴ ይሁነኝ፥ የኔታ። አመሉ እንደ በግ ነው። አርጩሜም አይሻም፤ ‹በል› ማለት ብቻ ነው» ብሎ መሬት ስሞ ሄደ።

ይህችን ቃል ልብ በልልኝ። ጉግስ ተጫዋቹ ለፈረሱ «በል!» ሲል፥ ንጎድ፥ ብረር ማለቱ ነው። የኔታ ለተማሪያቸው «በል!» ሲሉ፥ አሰማ፥ አዚም ማለታቸው ነው። ቃሏ አንዲት፥ መምህራኗ ሁለት። የኔታም እኔም፥ ስንቱን ምሥጢር ስናራቅቅ የኖርን ሰዎች፥ ይህችን አላስተዋልናትም።

መጀመሪያ ኮርቻው ላይ ያስቀመጥናቸው ዕለት ገበያ ነበር። ፀሐዩ ገና ለስላሳ ነው፤ መንገዱ የአዲስ ጭድ ሽታ አለው። መጽሐፋቸውን አዝዬ ከጎናቸው ስራመድ፥ የየኔታ አፍ ዝም ማለት አይችልምና፥ «እስኪ የትናንትናውን» አሉኝ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ዘገየሁ።

«በል እንጂ!»

ዳማው ጆሮውን አስተኝቶ ተወነጨፈ። ሽምብራ የጫኑ አህዮች ግራና ቀኝ ተበተኑ። አንዲት ሴት «ኧረ የኔታን ምን ነካቸው!» ስትል ሰማሁ። ነጭ ጥምጥማቸው ተፈትቶ እንደ ጅራት በአየር ላይ ተዘረጋ። እያለከለክሁ ስደርስ ከአውድማው ጭድ ላይ ወድቀው፥ ጢማቸው ገለባ ሞልቶ፥ ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ። ስለ መትረፋቸው አመስግኜ ሳልጨርስ፥ «ይህስ ካንተ ይሻላል፤ ‹በል› ሲሉት ወዲያው ይላል!» አሉኝ።

ለመንኋቸው። «የኔታ፥ እባክዎን ከኮርቻ ላይ ሆነው ‹በል› አይበሉ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«‹ቀጥል› ይበሉ።»

«‹ቀጥል› የሚባለው ለጀመረ ነው። አንተ መቼ ጀመርህና!»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

«ዝም ያልሁ ዕለትማ ሞቻለሁ።»

ሁለት ጊዜ ደግመን ሞከርን። በአንደኛው የጎረቤት አጥር፥ በሁለተኛው የሰው ባቄላ ማሳ ውስጥ አገኘኋቸው። በእያንዳንዱ ጊዜ እንደማይሉ ቃል ይገቡልኛል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ይላሉ። አርባ ዓመት የኖረች ቃል ከሽማግሌ አፍ እንደማትነቀል ሲገባኝ፥ ከሁለቱ አሮጌዎች ፈረሱ ይሻላል ብዬ እሱን ማስተማር ያዝሁ።

ጉዞው ከፋሲካ በኋላ፥ ወደ ጋይንት የምንሻገረው ወንዝ ሳይሞላ እንዲሆን ተቆርጧልና የነበረኝ ጊዜ ዐቢይ ጾም ብቻ ነው። ዳማውን ከወይራው አጠገብ አቁሜ፥ ልጓሙን ጨብጬ «በል!» እለዋለሁ። ይነጥቀኛል፤ መዳፌ ይላጣል። እንደ ገና «በል!» እላለሁ፤ እግሬን ይረግጠኛል። ኋላ አንድ ዘዴ መጣልኝ። «በል» ብዬ አንድ ቤት ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው አዜማለሁ፤ እስክጨርስ ከቆመ አንድ እፍኝ ገብስ ያገኛል። እስኪ አስበው፤ እኔ በባዶ ሆዴ ዘጠኝ ሰዓትን ስጠብቅ፥ እሱ ከመዳፌ ላይ ገብሱን ይቆረጥማል፥ ሙቅ ምራቁ በጣቶቼ መካከል ይወርዳል። ሆዴን ከእህል ከለከልሁ፤ ምላሴን ግን ከስድብ አልከለከልሁም። በዚያ ፋሲካ ለንስሐ አባቴ የተናዘዝሁት ኃጢአት ሁሉ የፈረስ ነበር።

በአጠገቡ የሚያርስ ጎረቤታችን ነበር፤ በሬዎቹን አቁሞ ይጣራል።

«አንተ ተማሪ! ፈረሱ ከምን ደረሰ?»

«ገና ፊደል ላይ ነው!» እለዋለሁ እየተናደድሁ።

«ቶሎ ድቁና አስቀብለውና ይገላግለን! በሬዎቼ ያንተን ዜማ እያዳመጡ እርሻ ተዉ!»

በሆሣዕና ሰሞን የኔታን አስቀምጬ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አዞርኋቸው። እንደማይቀር ዐውቃለሁና ልጓሙን በሁለት እጄ ይዤ ስጠብቅ፥ «በል!» አሉ። ዳማው ቀጥ ብሎ ቆመ። አዜምሁ፤ አልተነቃነቀም። የመጨረሻውን ድምፅ ስጥል ራሱ መራመድ ጀመረ። ምስጋና ስጠብቅ፥ የኔታ ከላይ ሆነው በኀዘን አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አበላሸኸው። እሱም እንዳንተ ሆነ፤ ‹በል› ሲሉት የሚቆም!»

ከዚያም እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የሳሉን ነገር ያን ዕለት ልብ አላልሁም፤ ተቆጥቼ ነበርና።

ፋሲካ ዋለ። የመንገዳችን ስንቅ ተዘጋጅቶ ሳለ የኔታ ታመው ተኙ፤ በሳምንቱም ድምፃቸው ጠፋ። በመጨረሻ ጊዜ ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፤ «ኮርቻውን ባዶ አታስኪደው። መጽሐፌን ጫንበት።» ከዚያ ዝም አሉ። ቀድሞ እንዳሉትም ሆነ።

አርባቸው ወጥቶ ስነሣ ሰኔ ገብቷል፤ ሰማዩ ከጋይንት በኩል ጠቁሯል። መጽሐፉን በቆዳ ማኅደሩ እንዳለ ከኮርቻው ላይ አስሬ፥ ዳማውን እየሳብሁ ወንዙ ዳር ደረስሁ። ውሃው ደፍርሶ ከጉልበት አልፏል፤ ከላይ ዝናቡ ሲያጉረመርም ይሰማል፤ ጥቂት ብንዘገይ ወንዙ እስከ መስከረም አያሻግረንም። መካከል ስንደርስ ዳማው አመነታ። ጨንቆኝ፥ ያስተማርሁትን ሁሉ ረስቼ፥ «በል!» ብዬ ጮኽሁበት።

ቆመ። ሳብሁት፤ ሰደብሁት፤ አልተነቃነቀም። ያን ሁሉ ጾም የለፋሁበት ትምህርት በዚያች ሰዓት እንዲህ ከሰረብኝ። ቀና ብዬ ሳየው ጆሮዎቹን ወደ ኋላ፥ ወደ ኮርቻው አዙሮ ጸጥ ብሏል። የሚጠብቀውን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ጎርፍ እየመጣ፥ ልብሴ እየራሰ፥ ከወንዙ መካከል ቆሜ አንድ ቤት ሙሉ አዜምሁ። ማሳጠር ሞክሬ ነበር፤ አልፈቀደልኝም። እንባዬ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ። የመጨረሻውን ድምፅ ስጥል፥ ዳማው እግሩን አንሥቶ ተሻገረ።

ቤተ ልሔም ስደርስ ፈረሱን ከበር አስሬ፥ መጽሐፉን ታቅፌ በመምህሩ ፊት ቆምሁ። ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፥

«በል» አሉ።

ድጓውን እንደ ገዛ ስሜ አውቀው ነበር። ነገር ግን አፌ አልከፈት አለ።

«ምን ሆንህ? ረሳኸው?»

«አልረሳሁም፥ የኔታ።»

አልረሳሁም ነበር። ከኋላዬ «ይህ የእኔ ነው» የሚል አንድ ድምፅ እየጠበቅሁ ነበር። ከበሩ ውጭ ዳማው ረጅም አድርጎ አሽካካ። እኔም «ሃሌ ሉያ» ብዬ ጀመርሁ።

ልጓሙን ከቦታው መልሼ ሰቅዬዋለሁ፤ ለልጅቱ ነጠላ ደግሞ በሌላ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታሁላት። አንተም ይህን ያነበብህ ወንድሜ፥ የመምህሩን ቃል ለእኛ ያቆየ አምላክ «በል» የሚልህን ሽማግሌ ከደጅህ አያሳጣህ፤ ልጆችህን ሰምተው የሚመልሱ፥ ከብትህን የሚረባ፥ ቤትህን የምስጋና ድምፅ የማይጠፋበት ያድርግልህ። አሜን።