ሁለት ካንዴላ

ቁጡ ሰው ነኝ። አልነሳም ያለ ሞተር ፊት ቁጭ ብዬ ስሳደብ የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል። ሲነሳ ግን የሚስቅ የለም። በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ ያለ የወፍጮ ሞተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ባጃጅ፣ በእጄ ያላለፈ ጥቂት ነው። አፌ ክፉ ቢሆንም እጄ ታጋሽ ነው እያልኩ እኮራ ነበር።

ጀልባዋ የእኔና የታናሽ ወንድሜ ነበረች። ገበያተኛ ወደ ማዶ የምታሻግር፣ ትንሽ ሞተር ያላት የፋይበር ጀልባ ናት። ለውጡ መጣ በተባለበት ሰሞን ሰው ሁሉ በተስፋ ሲሰክር፣ ሐይቁ ዳር ሎጅ የከፈተ ሰው አስጠራን። ከእንግዲህ እንግዳ ይጎርፋል፤ ጀልባ በገመድ እየጎተተው ሰው ውሃ ላይ የሚንሸራተትበት ጨዋታ አለ፤ ጀልባችሁን ለዚህ አዘጋጁልኝ አለን። ሁለት ረጃጅም የመንሸራተቻ ጣውላዎችም አሳየን። ወንድሜ አገላብጦ አያቸውና "አጃኢብ! ሰው በእግሩ ውሃ ላይ ሊሄድ ነው?" አለ።

ያን ክረምት ሙሉ ስሠራባት ከረምኩ። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ትልቅ ሞተር አስመጣን፤ ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ የውሃ ፓምፑን ጎማ ለወጥኩ፣ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሰሌዳ በብረት አጠናከርኩ። ደሴ ያለ በያጅ ገመዱ የሚታሰርበትን ቋሚ ከውሃ ቱቦ ሠራልን። ነጂው ፊት ለፊት እያየ ከኋላው የሚጎተተውንም ሰው እንዲያይ፣ ከተጣለ የጭነት መኪና ላይ ስፖኪዮ ነቅዬ መሪው አጠገብ ገጠምኩ። እሱም ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥ፣ የሚጎተተው ሲወድቅ እጁን አንስቶ ማስቆም አለበት። ያ ሥራ የወንድሜ ሆነ።

ቦታ ሲጠብበን ሁለቱን መቅዘፊያዎች አውጥቼ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጠሁ። ወንድሜ "አያ፣ አንዱ እንኳ ይቅር፣ አይታወቅም" አለኝ። "እኔ የሠራሁት ሞተር ባለበት መቅዘፊያ ምን ያደርጋል?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ እኔ ስጮህ ዝም ይላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው።

ከአገራችን ሰው መጀመሪያ በጣውላዎቹ ላይ የቆመችው የወንድሜ ሚስት ናት። ከሎጁ ሠራተኞች ሦስት ጎረምሶች ሞክረው፣ ውሃ ጠጥተው ወጥተዋል። እሷ ምሳ ልታደርስልን መጥታ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና፣ "እኔስ ብሞክር?" አለች። "አንቺ ደግሞ አበድሽ እንዴ!" አልኳት። አልሰማችኝም። ቀሚሷን በሱሪዋ ላይ ጠቅልላ አሰረች፣ ሻርፗን አጠበቀች፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለበሰችና ገባች። ሁለት ጊዜ ወደቀች። በሦስተኛው፣ በስፖኪዮው ውስጥ፣ ከውሃው ቀስ እያለች ስትነሳ አየኋት፤ ጉልበቷ ታጥፏል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ትጩህ ትሳቅ አይለይም። ወንድሜ ጀልባዋን እስኪያናውጣት ድረስ እየዘለለ "ቆመች! አያ፣ ወላሂ ቆመች! አብሽሪ የኔ ዓለም፣ አብሽሪ!" ይል ነበር። በእኔ ፊት "የኔ ዓለም" ሲላት ያን ቀን ነው የሰማሁት። አፍሮ ለሳምንት ያህል ዓይኔን አላየም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወልድያን አልፎ ወደ እኛ ሲቃረብ የወንድሜ ሚስት ልትወልድ ወሯ ገብቶ ነበር። እኔ ለእናታችንና ለልጆቼ የጭነት መኪና ላይ ቦታ አገኘሁ። የወንድሜ ሚስት ግን ያን ሁሉ መንገጫገጭ የምትችልበት አቅም አልነበራትም። "እናታችንን ይዘህ ውጣ፤ እኔ ነገ የተሻለ መኪና ፈልጌ እደርስብሃለሁ" አለኝ ወንድሜ።

መኪናው ሰው እስኪጭን እየሮጥኩ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። የመጣው ሁሉ ጀልባችንን ነድቶ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። የሞተሩን ክዳን ከፈትኩ፤ ብልጭታ ሰጥተው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ሁለት ካንዴላዎች ፈትቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ያለ እነሱ ሞተሩ ተራ ብረት ነው። ለወንድሜ ልነግረው አስቤ ነበር። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋብኝ ተውኩት። ነገ እንገናኝ የለም እንዴ?

አልተገናኘንም። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ። እኛ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን ተገፋን። በመጠለያው ውስጥ ለማላውቃቸው ሰዎች ካንዴላዎቹን ከኪሴ አውጥቼ እያሳየሁ "እስቲ አሁን ያስነሷት!" እል ነበር። ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ያን ሳቄን ሳስታውስ ዛሬም ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ምጥ የያዛት እኛ በወጣን ማግስት፣ ጠዋት ነው። የከተማው ጤና ጣቢያ ተዘግቷል፣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተኩስ ነው። ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ግን ክፍት ነው ተባለ። ወንድሜ ሚስቱን ከአንዲት ጎረቤት ጋር ጀልባዋ ላይ አስተኛና የሞተሩን ገመድ ሳበ። ደጋግሞ ሳበ። ክዳኑን ሲከፍት ሁለት ባዶ ቀዳዳ አየ። መቅዘፊያ ፈለገ፤ መቅዘፊያ የለም። ያገኘው የመንሸራተቻውን ጣውላ ነው።

በጣውላ ቀዘፈ። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር፤ ጣውላው ውሃውን ከመግፋት ይልቅ እየተንሸራተተ አስቸገረው። ልጅቱ ሐይቁ መሃል ተወለደች። ደሙ ግን አልቆመም። "አብሽሪ፣ ደረስን" እያላት ቀዘፈ። ማዶ ሲደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ እሷ አልፋለች። እዚያው ማዶ፣ ባልተወለደችበት መንደር ቀበሯት።

ይህን የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ስንመለስ ነው። እናታችን ሕፃኗን አቅፋ እያለቀሰች "ምነው በጀልባው አትፈጥንላትም ነበር ልጄ?" አለችው። ወንድሜ መሬት መሬቱን እያየ "ቤንዚን አልቆብኝ ነው እማ" አላት። ከዚያ ቀና ብሎ አንድ ጊዜ አየኝ። ካንዴላዎቹ ያን ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበሩ። እናታችን "የአላህ ቀደር ነው" አለች። እኔ እስከ ዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም።

ጀልባዋ ተርፋለች። ታጣቂዎች ሊያስነሷት ሞክረው እምቢ ስትላቸው ጥለዋት ሄደዋል። ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን አላህ አተረፋት" ይለኛል፤ እኔ ግን ተቃጥላ ባገኛት ነበር ደስ የሚለኝ። ሌሊትና ቀን አንድ ነገር ብቻ እለምን ጀመር። ሞተሩ የሞተ ይሁን። ዝገት በልቶት፣ ካርቡሬተሩ ተደፍኖ፣ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሁን። ያን ቀን ካንዴላዎቹ ቢኖሩም ኖሮ አይነሳም ነበር ለማለት እንድችል። ዕድሜዬን በሙሉ ሞተር እንዲነሳ የለመንኩ ሰው፣ እንዳይነሳ ዱዓ አደረግሁ።

አንድ ጁምዓ ከስግደት መልስ ወንድሜ አጠገቤ መጣና፣ "አያ፣ ቀብሯን ልዘይር እፈልጋለሁ። ሞተሩን እስቲ እየው" አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ ጀልባዋ አፉን ሲከፍት የመጀመሪያው ነበር።

አብረን ወረድን። የቤንዚኑ ጄሪካን እስከ ግማሹ ሙሉ ነው፤ ሁለታችንም አየነው። ካንዴላዎቹን ከጨርቁ ፈታሁ። አንዱ ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ፣ ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጠኝ። አጠበቅኋቸው። የማስነሻውን ገመድ ያዝኩና፣ ያ አላህ፣ አይነሳ፣ አልኩ በልቤ።

በመጀመሪያው ስበት ተነሳ።

ሳል የለ፣ መንገዳገድ የለ። በእጄ እንደሠራሁት፣ ጥርት ባለ ድምፅ ተነሳ። እንደዚያን ዕለት ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም። ወንድሜ ጀልባዋን ገፍቶ ገባና በድሮው ቦታው፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠ። የሚጎተት ሰው አልነበረም። በስፖኪዮው ጀርባውን አየሁ፤ ከሱ ወዲያ ውሃው ብቻ ነው። ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ይቅር በለኝ ለማለት ቃሉን ስፈልግ፣ ጀልባዋ የማዶውን ደለል ነካች።

ወንድሜ ዞር አለ። ዳሩን አየ፣ የመጣንበትን አየ፣ እጁን ቀዝቅዞ በቆየው ሞተር ላይ፣ አሁን ለብ ባለው ክዳን ላይ አሳረፈ።

"ቅርብ ነው ለካ፣ አያ" አለኝ።