ተከዜ ላይ የዋልንበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና የአንድ ሰሜናዊ አገር ባሕር አሳየችኝ። ትንሽ መርከብ በሁለት ገደሎች መካከል ቀስ እያለች ትገባለች፤ ውሃው ጥቁር፣ የተራራው አናት በረዶ። «እንዲህ ያለ ቦታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። በረዶውን አላየሁም። ገደሉንና ውሃውን ግን አይቻለሁ፤ እዚሁ ዋግ ውስጥ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጽጽቃ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። ተከዜ ተገድቦ ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ በየሸለቆው ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ፣ ስድስት መምህራን ሆነን አንዲት የሞተር ጀልባ ለአንድ ቀን ያዝን። ነጂው አያ ካሳ ይባላሉ፤ ዝምተኛ፣ ፊታቸውን ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነበሩ።

ያን ጠዋት እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ውሃው ሳይነቃነቅ የገደሉን ቅላት ተሸክሞ ተኝቷል። አንዱን ጠባብ ሸለቆ ስንጨርስ ሌላው ይከፈታል። ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ጫፍ ላይ ወፎች ተደርድረዋል። አሳ አጥማጆች ዘንድ ወርደን ትኩስ የአሳ ጥብስ በሚጥሚጣ በላን፤ ጣቴን እየላስኩ ነበር ጀልባዋ ላይ የተመለስኩት።

ከሰዓት በኋላ እኔና ጓደኛዬ ዓለሚቱ ከገደል ሥር የሚፈልቅ ምንጭ አየንና «እንውረድ» አልን። አያ ካሳ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ቶሎ በሉ፤ ነፋሱ ከተነሣ እዚህ መቆም አይቻልም» አሉን።

አልቸኮልንም። እግራችንን ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነክረን ስናወራ ነፋሱ መጣ። ዘወር ስንል ጀልባዋ ከድንጋዩ ርቃ ማዕበል ያላጋታል። አያ ካሳ እጃቸውን እያወናጨፉ አንድ ነገር ጮኹ፤ አልተሰማንም። ከዚያ ጀልባዋ በገደሉ ጥግ ዞራ ጠፋች።

«ጥለውን ሄዱ» አለች ዓለሚቱ።

ሁለታችንም ዋና አንችልም። ማዕበሉ የቆምንበትን ድንጋይ ማጠብ ሲጀምር በፍየል መንገድ ሽቅብ ወጣን። መንገዱን ሙሉ አያ ካሳን ስረግም ነበር፤ ከአፌ ያልወጣ ክፉ ቃል የለም። አናቱ ላይ ስንደርስ እንጨት የምትለቅም ሴት አገኘን። የሆነውን በአገሬው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ነገርኳት።

«ነፋስ ሲሆን ነጂው ጀልባዋን ወዲያ ማዶ ነው የሚያስጠጋው። ኑ፣ ላሳያችሁ» አለችና እንጨቷን ትታ ቁልቁል መራችን።

ከሸንተረሩ ማዶ ነፋስ የማይደርስበት ሰርጥ ነበር። ጀልባዋ ታስራለች፤ አራቱ ጓደኞቻችን ዳር ላይ ቆመው ስማችንን ይጣራሉ። አያ ካሳ ግን እኛን ፍለጋ አቀበቱን ተያይዘውት አጋማሹ ላይ ደርሰዋል። ሲያዩን ላብ እንዳጠመቃቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«በላይ ዙሩ ያልኳችሁን ሰማችሁ?»

«አልሰማንም፣ አያ።»

«ታዲያ ምን መሰላችሁ?»

ዓለሚቱ እኔን አየችኝ። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው ከፍርሃቴ መስሏቸው «በቃ፣ ደርሳችኋል» ብለው የያዙትን ውሃ ሰጡኝ። ያን ውሃ ስጠጣ መላ ሰውነቴ ቀለለኝ። እንደረገምኳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

አሁን ሰቆጣ ነው የምኖረው። ሰው ሲዘገይብኝ፣ ስልክ ሳያነሳልኝ ሲቀር፣ ቶሎ እናደዳለሁ፤ ያ ጠባይ አልለቀቀኝም። ጥሎኝ ሄደ ከማለቴ በፊት ግን ትንሽ እቆያለሁ። እስካሁን አብዛኞቹ መጥተዋል።