ድንኳኑን ለፀሐይ ያወጣሁ ቀን

ቤቴ ጠባብ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ያኔ የሰበታ ሰው ሁሉ «ቤት ጠቧት ነው ያበደችው» ሲል ከርሟልና። ባለቤቴ ከጅማው መንገድ ዳር ያቆመው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር። በጃንሆይ ጊዜ በእኛ ሰፈር ቆርቆሮ የለበሰ ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ያጠበበው ዕቃ ነው። ዕቃውም የእኔ አልነበረም፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ እህል ነጋዴ ነው፤ በዚያ ላይ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ። ከአራት ዓመት በፊት ሹመቱን ሲሰጡት ደስ ብሎን ጠላ ጠምቀን ጠጥተናል። በማግስቱ ዕቃው መጣ። ድንኳኑ ከነምሰሶው ከነካስማው፣ ዐሥራ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሕፃን ቆሞ የሚታጠብባቸው ድስቶች፣ ጋኖች፣ ጣሳዎች፣ በመጨረሻም ሬሳ የሚወጣበት ቃሬዛ። ሁሉም ጓዳ ገባ። ቃሬዛው ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቆም በርበሬ ላወጣ በገባሁ ቁጥር ቀድሞ የሚያየኝ እሱ ነበር።

የጓዳው ግድግዳ ጭቃው እንዳይረግፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። እኔ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ትልቋ ልጄ ፊደሉን አስቆጠረችኝ፣ የቀረውን ያ ግድግዳ አስተማረኝ። ወንበሮቹ ተደራርበው ሲቆሙ ግድግዳውን እስከ ወገቡ ሸፈኑት፤ ከዚያ ወዲህ የማነበው ነገር ሁሉ ወሬው ሊጣፍጥ ሲል ይቋረጥብኛል።

ያቺ ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጅ ግን ቤት አልነበረችም። እኛ ጋ ያለው ትምህርት ቤት ለእሷ የሚሆን ክፍል ስላልነበረው፣ በዐሥር ዓመቷ አዲስ አበባ ለባለቤቴ ታላቅ እህት ሰጠናት። ሦስት ዓመት ሆናት። ፍልሰታ ሲፈታ ቅቤና አይብ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። መኝታዋን አየሁት። በከሰሉ ጆንያና በሽንኩርቱ ቅርጫት መካከል የተነጠፈች ቁርበት ናት። ልጄ አላማረረችም።

«ይሞቃል እኮ እማዬ» አለችኝ። ጠጉሯ ውስጥ የከሰል ብናኝ ነበር።

ወደ ሳሎን ተመልሼ፣ «እትዬ፣ ዘንድሮ እኛም ጋ ክፍል ተጨምሯል። ልጄን ልውሰዳት» አልኳቸው።

«ውሰጂያታ፣ ማን ያዘሽ?» አሉ። «ግን የት ልታስተኚያት ነው? ቃሬዛው ላይ?»

«ቦታ አይጠፋም።»

«እኔ ቤትሽን አላውቀውም? ባለፈው ስመጣ እግሬን የምዘረጋበት አጥቼ ድስት ውስጥ ልገባ ምን ቀረኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ስሚኝ፣ ክፉ ሰው አታድርጊኝ። ለመስቀል እኔው ራሴ አመጣታለሁ። የምትተኛበትን በዓይኔ ካየሁ ትታችኋት እመለሳለሁ። ካላየሁ አብራኝ ትመለሳለች። ከጋን ሥር ከምትተኛ ከሰሉ ይሻላታል» አሉኝ።

አውቶቡሱ እስኪያደርሰኝ ንዴቴ አልበረደም። ያናደደኝ ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው። እኛ ከሁለቱ ትንንሾች ጋር ውጭኛው ክፍል ተደራርበን ነበር የምንተኛው። ያለው ጓዳው ብቻ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ዕቃው ይውጣልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፈለጋችሁበት።»

«የሕዝብ ዕቃ ነው! እንደ ቀሚስሽ ከዚህ አንስተሽ እዚያ የምታደርጊው መሰለሽ? ስብሰባ ይጠራል።»

«ጥራ።»

«ነሐሴ ይውጣ።»

ነሐሴ ወጣ። «እንቁጣጣሽ ይለፍ» አለ። እንቁጣጣሽ አለፈ። «መስቀል ይዋልና» ሲል ግን አላስጨረስኩትም።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምን ሆነች? ሰው ቤት ናት? እህቴ ቤት ናት።»

ባለቤቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ለቀባሪ እሺ ማለት የለመደ ሰው ለልጁ እሺ ማለት ጊዜ ይወስድበታል፤ ሌላ አይደለም።

አንድ ቀን ጤፍ ሊገዛ በጭነት መኪና ተፍኪ ወረደ። ፀሐይዋ ክረምት ከገባ ወዲህ እንደዚያ ወጥታ አታውቅም። የጓዳው በር ላይ ቆምኩ። ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ክፍል አራት ዓመት ያላጸዳሁት ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ የእኔ ስላልመሰለኝ ነው። የሰው ቤት ማን ይጠርጋል? ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ከበሩ ጀምሬ በክንዴ ለካሁ። አራት ክንድ ርዝመት፣ ሁለት ክንድ ወርድ። ከዚህ ሁሉ ዓለም የምፈልገው ያንን ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ስብሰባ አልጠራም።

ጎረቤቴን ጠላ ሻጯን ጠራኋትና እየጎተትን ማውጣት ጀመርን። ድንኳኑ ሻግቷል፤ አይጥ ወልዳበታለች። እርጥብ ሣር ላይ ቢሰጣ ይብስበታል።

«እንትከለው» አልኳት።

«ምን ገዶኝ፣ ካንቺ ጋር ምን የማልሆነው አለ» አለች። ተከልነው። ወንበሮቹንም ከሥሩ ደረደርን።

ጓዳው ባዶ ይሆናል ብዬ ስገባ ባዶ አልሆነም። ከወንበሮቹ ጀርባ አፏ የተሸረፈ እንስራ፣ ክዳን የሌላቸው ሦስት ሞሰቦች፣ ብል የበላው በርኖስ፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ የዘይት ቆርቆሮ፣ አንድ እግር ጫማ። ሁሉም የእኔ! አራት ዓመት ሙሉ «የዕድሩ ዕቃ፣ የዕድሩ ዕቃ» ስል፣ ለካ ከሱ ጀርባ የራሴን ስደብቅ ኖሬአለሁ። ብቻዬን አፈርኩ። ከዚያ እፍረቱ ወደ ቁጣ ዞረና፣ ለእሳት የሚሆነውን ለእሳት፣ ለሰው የሚሆነውን ለሰው ብዬ ወረወርኩት። በርኖሱ የእናቴ ነበር። እሱን ሁለት ጊዜ አውጥቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስገባሁት፤ በሦስተኛው አወጣሁት።

ግድግዳው እስከ ታች ሲገለጥልኝ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቁጢጥ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ታጸጃለሽ ወይስ ዳዊት ትደግሚያለሽ?» አለች ጎረቤቴ ከውጭ።

በዚህ መሐል ጡሩምባ ተነፋ።

ጡሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል። ጡሩምባ ነፊው የማንን ቤት እንደሚጠራ ጆሯችንን አቀናን። «የዕድር ዕቃ ጠባቂው ቤት!» ይላል። የእኔ ቤት። ባለቤቴ ጭነት መኪና ላይ ነው ያለው። መሬት ልቀመጥ ስል ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችና በጣቷ ወደ ደጅ አሳየችኝ። ድንኳኑ ነፋስ እየነፋው ተንሰራፍቶ ቆሟል። ጡሩምባ ነፊው ሲያልፍ አይቶት፣ ሳልነፋ ቀረሁ ብሎ ደንግጦ ነው ለካ!

ሰው ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለቀሱ። ከበስተኋላችን የሚያርሱት ሽማግሌ ዱላቸውን ጥለው አቀፉኝ። «ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» ይላሉ።

«ኦቦ፣ ማንም አልሞተም!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ። ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» አሉ ለሌሎቹ።

እኔ «አልሞተም!» ባልኩ ቁጥር ሴቶቹ ይብሳቸዋል። አንዷማ የባለቤቴን ደግነት እየጠራች ሙሾ ጀምራለች፤ ሚዛን አያጓድልም ነበር ስትል እኔም የሞተ መስሎኝ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ።

በዚህ ላይ ጭነት መኪናው መጣ። ባለቤቴ ጤፉ ላይ ተቀምጧል። ከደጁ ድንኳን ሲያይ፣ «ዋይ ሚስቴን!» ብሎ ዘለለ። ለቅሶኛውን እየገፈተረ ገብቶ፣ መጥረጊያ ይዤ የቆምኩበት ደረሰ። እኔን አየ። ሕዝቡ እሱን አየ። ሙሾ አውጪዋ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ጠላ ሻጯ ሳቀች፤ ሌላውም ሳይወድ ተከተላት።

ያልሳቁት የዕድሩ ዳኛ ናቸው። እኛ ኦቦ ዳኛ ነው የምንላቸው። ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ «ይህ ድንኳን ያለ ሞት ተተክሎ አያውቅም። ሟርት ነው። ንቀዪውና መልሺው» አሉኝ።

«ይነቀል ካሉ ይነቀል። ወደ ቤቴ ግን አይመለስም፣ ኦቦ ዳኛ። ልጄ የምትተኛበት የላትም።»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። ከኋላ አንዱ፣ «ከመቼ ወዲህ ነው ሴት ዕድር ላይ የምትናገረው?» አለ።

ጠላ ሻጯ ዞር አለችበት። «ድስት ስታጥብላችሁ ሴት መሆኗን አላያችሁም? አፍ ያወጣችው ዛሬ ነው?»

ኦቦ ዳኛ እጃቸውን አነሱ። «እሺ፤ ዕቃውን ማን ይረከባል?»

ያንዱ ቤት ያፈሳል፣ ያንዱ ጥጆች አሉት፣ ያንዱ ሚስት አራስ ናት።

«አንቱስ?» አልኳቸው ኦቦ ዳኛን።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ባለቤት ቃሬዛ ትፈራለች።»

«እኔስ? አራት ዓመት ስፈራ ማን ጠየቀኝ?»

ያን ቀን ድንኳኑን የነቀለው የለም። «ይሰረቃል» ሲሉኝ «ዘብ አቁሙ» አልኳቸው። በዕድር ትልቁ ማስፈራሪያ መሰረዝ ነው፤ እሱንም አመጡት። «ትሰረዣለሽ። ስትሞቺ ማን ይቀብርሻል?» አለኝ ያ ከኋላ የተናገረው።

«ስሞት እኔ አላየውም። ልጄ የምትተኛው ግን አሁን ነው።»

ድንኳኑ ስምንት ቀን ከደጄ ቆመ። ከተጂ የሚመጡ መንገደኞች መኪና እያስቆሙ እየወረዱ «ነፍስ ይማር» ይሉናል። እኔ «አሜን፣ ግን የሞተ የለም» እላለሁ፤ እነሱ ግራ ተጋብተው ይሳፈራሉ። መላው መንገድ በእኛ ዕድር ሳቀ። ሰላምታ የነፈገኝ ብዙ ነው። ወፍጮ ቤት ወረፋዬን ይዘሉኛል። ባለቤቴ «አሳፈርሽኝ» ብሎ ፊቱን አዙሮ ይበላል። ሁለት ጊዜ ልቤ ሸፍቶ ወጥቼ የድንኳኑን ገመድ ይዣለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ያ የከሰል ብናኝ ትዝ አለኝና ለቀቅኩት።

በዘጠነኛው ቀን ባሕር ዛፍ የተሸከሙ ሰዎች ወደ ኦቦ ዳኛ ግቢ ሲያልፉ አየሁ። ዕድሩ ለዕቃው የራሱን ጎጆ ሊሠራ ነው። ሟርቱ መንገድ ላይ ከሚሰጣ አጥር ውስጥ ቢገባ ይሻላል ብለዋል አሉ ኦቦ ዳኛ። ጎጆው ሲያልቅ ዕቃውን ሊወስዱ መጡ። ባለቤቴ ቃሬዛውን ብቻውን ተሸክሞ ሄደ። ሲመለስ ከትከሻው ላይ አንድ ባሕር ዛፍ አለ። ደጅ ጣለውና፣ ሳያየኝ፣

«አልጋው ስንት ክንድ ነው ያልሽው?» አለ።

«አራት በሁለት።»

«ልጅ ታድጋለች። አምስት ይሁን» አለና መጥረቢያ ፈለገ።

ለደመራ ዋዜማ እትዬ ልጄን ይዘው መጡ። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳቸውም፤ በቀጥታ ጓዳ አስገባኋቸው። ጠፍር አልጋውን በእጃቸው ጫን ጫን አደረጉት። ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ። ምንም የለም።

«እንግዲህ ምን እላለሁ» አሉ። «እኔስ ስመጣ የት ልተኛ ነው?»

«ለአንቱ ውጭኛው ክፍል እናነጥፋለን፣ እትዬ። ይህኛው ሰው ይዞታል።»

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። አልጋውን አይታ እኔን አየች።

«ከማን ጋር ነው የምተኛው?»

«ከማንም ጋር።»

«ብቻዬን?»

«ብቻሽን።»

ገብታ ቦርሳዋን እንደያዘች ወጣችበት። መጀመሪያ እንደለመደችው ጥግ ይዛ ተኮራመተች። ትንሽ ቆይታ አንድ እግሯን ዘረጋች፣ ከዚያ ሌላውን። እግሯ ምንም ሳይነካ ቀረ። ትምህርቷን ልጠይቃት፣ ምሳ ላቀርብላት ነበር የገባሁት፤ ሁሉንም ተውኩና ወጥቼ በሩን ዘጋሁላት። ያ በር የወንበሮቹ ጫፍ እየያዘው አራት ዓመት ተዘግቶ አያውቅም ነበር።