እናቴ ለቁስቋም የተሳለችው ዶላር

ጉለሌ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ በየዓመቱ አንድ ምዕራፍ ላይ ስደርስ በአማርኛ አብራራለሁ፤ የውጭ ምንዛሪ ማለት አንድ አገር ከሌሎች አገሮች ጋር ለመገበያየት የሚያስፈልጋት የሌሎች አገሮች ገንዘብ ነው እላለሁ። ጥቅሙንም ሰሌዳው ላይ እደረድራለሁ፤ ነዳጅ፣ ማሽን፣ ማዳበሪያ። መድኃኒትን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የምጽፈው።

ሰፈራችን ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ነበረው። ወሬ መዝጊያ ነበር። ባለ ጋራዡ የሰው መኪና ለወራት አቁሞ ለምን ሲባል፣ ዕቃው የለም፣ ምንዛሪ ነው ይላል። ባለ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቋ የማተሚያ ቀለም ስታጣ ምንዛሪ ነው። አከራያችን እንኳ የግቢያቸውን በር ሳያስቀቡ ክረምት በክረምት ላይ ሲያልፍ ምንዛሪ ጠፍቶ ነው አሉ። ቀለሙ እዚሁ እንደሚመረት ብነግራቸው፣ አንተ ደግሞ የማታውቀው የለም ብለውኝ ገቡ። እቤት ስገባ ለእናቴና ለእህቴ ይህን አውርቼ አሳቅኋቸው። ሰነፍ ሁሉ ስንፍናውን የሚያላክክበት አገኘ እል ነበር።

ታናሽ እህቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። በልጅነቷ ደጋግሞ ያመማት ጉሮሮ በጊዜው ስላልታከመ ልቧን ጎድቶት፣ ካደገች በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት። ከዚያ ወዲህ ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ መዋጥ ነበረባት። ሐኪሟ፣ አንድም ቀን እንዳትዘልይ፣ ደምሽ ቫልቩ ላይ ከረጋ ወደ አንጎልሽ ይሄዳል ብሏታል። ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋ ስለነበር ክኒኑን ከመርፌና ከቁልፍ ጋር በአንድ ቆርቆሮ ነበር የምታስቀምጠው። እናቴ በዚህ ትቆጣት ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ውጭ አገር የምትኖር የእናቴ የአክስት ልጅ ልትጠይቀን መጥታ፣ ስትወጣ ጥቂት የዶላር ኖቶች እናቴን አስጨበጠቻት። እናቴ በጨርቅ ቋጥራ ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው። እህቴ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ ደግሞ ለቁስቋም ማርያም ተሳለችው፤ ልጄን በሕይወት ካወጣሽልኝ ይህን ሳልነካ ደጅሽ አደርሳለሁ ብላ። እህቴ በሕይወት ወጣች። እኔ አዋቂው፣ ከፍለሽ ስጪ፣ ግማሹ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ብዬ መከርኳት። ስለት እንደተሳሉት ይሰጣል እንጂ አይሸራረፍም አለችኝ። በኅዳር ቁስቋም ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ወጣች። ስለቷ በድምፅ ማጉያ ሲነገር ሴቶቹ እልል አሉላት። በሕይወቷ ሀብታም መስላ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክኒኑ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ሁልጊዜ የምንገዛበት ፋርማሲ ነበር። ፋርማሲስቷ መደርደሪያውን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ፣ አስመጪው ምንዛሪ እየጠበቀ ነው አለችኝ። ቀጥሎ ወዳለው ገባሁ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፤ ሸጎሌ ድረስ ሄድኩ። መልሱ አንድ ነው፤ የሚሉትም በዚያው በምስቅበት ቃል ነው።

ጎረቤታችን ዱባይ እየተመላለሰች ልብስ የምታመጣ ነጋዴ ናት። ጴንጤ ስለሆነች ከእናቴ ጋር በጾም በሥዕሉ ይነታረካሉ፤ ከቤታችን ሰው ሲታመም ግን ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ክኒኑን በደስታ አመጣለሁ፣ ነገር ግን ባንክ ለጉዞ የፈቀደልኝ ዶላር ላዘዝኩት ዕቃ እንኳ አይበቃም፣ ትንሽም ቢሆን ዶላር ፈልጉልኝ አለች። ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው የቀድሞ ተማሪዬ ነበር። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ጠየቀኝ። አንዱም የለኝም።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቲቸር፣ ይሄን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉ?» አለኝ።

ሊያሳፍረኝ አልነበረም፤ አዝኖልኝ ነው። ከዚያ በጥቁር ገበያ ለመግዛት ሰው አፈላለግኩ። ያገኘሁት ሰው ቀብድ ተቀብሎኝ ስልኩን ዘጋ።

ጎረቤታችን ዶላር መፈለጌን ለእናቴ ነገረቻት። በማግስቱ እናቴ ለማንም ሳትናገር ቁስቋም ወጣች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፤ ለእሷ ግን ስለቴን መልሱልኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከዚያም የከፋ ነገር ነበር። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ በደግ ቃል እንዳናገሯት ነገረችን። ዶላሩ እንደ ደንቡ ያኔውኑ ባንክ ገብቶ ተመንዝሯል፤ ከቸገረሽ ግን በብር እንርዳሽ ብለዋታል።

«ብር ምን ያደርግልኛል ብዬ ወጣሁ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ንገረኝ እስቲ፣ የእኛ ብር ገንዘብ አይደለም?»

ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ማብራራት ጀመርኩ። ገንዘብ ነው፣ ግን ከድንበር ወዲያ የሚቀበለን የለም፣ መጀመሪያ ቡናውን፣ ከብቱን ሸጠን... እጇን አንስታ አስቆመችኝ። እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሁሉንም ትሰማ ነበር። ክኒን ገና አለኝ፣ ለምን ትጨነቃላችሁ አለችን።

ያለውን እያቆራረሰች ስትውጥ እንደቆየች ያወቅነው በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ከቁልፎቹ መሃል ስባሪዎቹን አገኘናቸው። ጎረቤታችን ዱባይ በሄደች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እህቴ ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ብትል ቀኝ እጇ እምቢ አላት፤ ልትናገር ብትል አፏ ተጣመመ። ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አደረጉ። በዚያው ቀረች።

ሠልስቷ ሳይወጣ ጎረቤታችን ተመለሰች። ድንኳኑን ከመንገድ አይታ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ልትሸጥ ካዘዘችው ዕቃ ግማሹን ትታ በራሷ ዶላር ክኒኑን ገዝታልን ነበር። ቦርሳዋን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት ወደ አፌ መጣና አፈርኩ፤ ከሁላችንም አብልጣ የሮጠችው እሷ ነበረች። ክኒኑን ፋርማሲስቷ ወስዳ ለሌላ በሽተኛ ሰጠችው።

ኅዳር ሲመጣ እናቴን ደግፌ ቁስቋም ወጣሁ። ቅጥሩ በር ጋ ስንደርስ ቆመች። እንግባ ብላት ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ምን ፊት አለኝ ብዬ እገባለሁ?» አለች። «የሰጠኋትን መልሺልኝ ብዬ መጣሁባት። እሷም የሰጠችኝን መልሳ ወሰደች።»

እንባዬ መጣ። «እማዬ፣ በአንቺ ጥፋት አይደለም። ምንዛሪ ጠፍቶ ነው።»

ያን ቃል ያለ ፌዝ፣ ከልቤ ተናግሬው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ግን እኔ አከራያችንን ባየሁበት ዓይን አየችኝ።

«እሱስ የሰነፍ ማላከኪያ ነው ብለህ የለ?» አለችኝ።

ፊቷን ወደ ግንቡ መልሳ ተሳለመች። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለታችንም ከቅጥሩ ውጭ ቆምን።