የአባቴ መኪና የዳነች ሰሞን

በቀደም ከልጄ ጋር ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ መንገድ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። ልጄ የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ከእሱ ጋር መሄድ ሰው በሌለበት ቤት እንደመቀመጥ ሆኖብኛል፤ ድምፅ የለ፣ ሽታ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ነፋስ እንዲገባ መስኮቱን ዝቅ ሳደርግ ከጎናችን አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ቆማለች። ሞተሯ ይንተፋተፋል፤ ሊጠፋ ይልና መልሶ ነፍስ ይዘራል። በወጉ ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ ፊቴን መታኝ። ልጄ "እማዬ፣ ዝጊው እንጂ፣ ጭስ ነው እኮ" አለኝ። አልዘጋሁም። ሚኒሞዋ ወርዶ ነው አልኩ በሆዴ። መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት፣ መኪና ቆማ ሞተሯ ሳይጠፋ የሚዞርበትን ልክ ነው። ልጄ ይህን ከየት እንዳወቅሁ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቢጠይቀኝም አልነግረውም። ለአንቺ ግን ልንገርሽ።

አባቴ ጎጃም በረንዳ በርበሬና ኑግ ይነግድ ነበር። መኪናችን በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ቀለሟ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ወንበሯ ስትቀመጪበት እንደ ሰው ይተነፍሳል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ሰው ዘሩን እንደሚቆጥር የሞተሯን ነገር ይቆጥር ነበር። "የቤንዚን ናት፣ ባለ አራት ፒስተን፣ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ፤ አምስት ሰው ከነጓዙ ጭና እንጦጦ ጫፍ ትወጣለች" ይላል። እንጦጦ ወጥታ አታውቅም። ከመርካቶው ራጉኤል በታች ያለችውን ትንሽ ዳገት ስትወጣ እንኳ ውሃዋ ይፈላ ነበር። ጠዋት በብርድ አትነሳም፣ የሰፈር ሰው ይገፋታል። ከሞቀች በኋላ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ትጠፋለች። ዘይት ትበላለች፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ትጨርሳለች፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ታስከትላለች። እናቴ "የሰው ዓይን ነው የበላት" ትልና የራጉኤልን ጸበል ኮፈኗ ላይ ትረጫለች። አባቴም "አንቺ ሴት፣ ካንዴላዋ ውስጥ ውሃ አግብተሽ ጭራሽ ልትገድያት ነው" ይላታል።

የመርካቶ ሰው መኪናውን ጋራዥ ጥሎ አይሄድም። ዞር ካልሽ ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌ ይገባልሻል ተብሎ ስለሚታመን፣ ባለመኪናው ራሱ ይቀመጣል፣ እሱ ካልቻለ የሚያምነውን ሰው ያስቀምጣል። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መዋል አልቻለም፣ ወንድም የለኝ፣ ትምህርት ጨርሼ ቤት የዋልኩት እኔ ነበርኩ። "ዓይንሽን ከሞተሩ እንዳትነቅዪ፤ ካንዴላዬን እንዳይለውጡብኝ" ብሎ ላከኝ። ምስኪን አባቴ፣ ለካንዴላው ሲሰጋ ልጁን ሰደደ።

ጋራዡ ከሶማሌ ተራ ጀርባ ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ የጠቆረ። መካኒኩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይርቅ የወሎ ልጅ ነው። አባቱ ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቱንና ታናናሽ እህቶቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነበር። ገና ስገባ ባዶ የዘይት በርሜል ገልብጦ ካርቶን አነጠፈበትና "እህቴ፣ እዚህ ጥላው ጋ ተቀመጪ፤ ሌባው ከዚህም በደንብ ይታይሻል" አለኝ። ተናደድኩ። ሳቄም መጣ። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ላይ የመኪናዋ በሽታ የእውነት ነበር። ራዲያተሯ በዝገት ተደፍኖ ስለነበር አውርዶ አጠበው፤ መፍላቷ ቀረ። ሞተሯን ፈትቶ በፒስተኖቹ ላይ ያለውን ያለቀ ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉትን፣ ቀየረ፤ ጭሱ ጠፋ፣ ዘይት መብላቷም ቆመ። እኔ በርሜሌ ላይ ሆኜ እጁን ሳይ እውላለሁ። የራጉኤል ደወልና የመስጊዱ አዛን ከአንድ ወገን ነበር የሚመጡልን። አዛን ሲል እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ ይሄዳል፤ ሲመለስ ለእኔም ሻይ ይዞልኝ ይመጣል። ክርስቲያንና ሙስሊም ሆነን ሥጋ አብረን ባንበላም ሻያችን አንድ ነበር።

አንድ ቀን ሥራውን ሊጨርስ ሲል፣ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ጎን ያለችውን ሚኒሞ የምታስተካክል ትንሽ ብሎን ልኳ ላይ አደረሳት። ሞተሩ ደህና አድርጎ ዞረ። ከዚያ ማጥበቅ ሲገባው እንደላላች ተዋት። ዓይኔን ከሞተሩ እንዳልነቅል ታዝዤ የለ፤ አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየ። እንዲህ ላልታ ከተተወች መኪናዋ የመርካቶን ጉድጓድ ስትዘል ስትዘል ብሎኗ በራሷ ጊዜ ትፈታለች። ሞተሩም ፍሬን ሲያዝ መጥፋት ይጀምራል፣ መኪናዋም ወደ ጋራዥ ትመለሳለች። መኪናዋ ከተመለሰች ጠባቂዋም ትመለሳለች። ኮፈኑን ዘጋው። እኔም ማታ ለአባቴ "ካንዴላው በሙሉ አለ" አልኩት።

እንዲህ እያልን በጋው አልፎ ክረምት ገባ። አባቴ ጠዋት መኪናዋን ከእኔ ጋር ጋራዥ ያደርሳል፣ ሲመሽ መካኒኩ እየነዳ ቤት ያደርሰኛል። አባቴ "ጎበዝ ልጅ ነው፤ በሽታዋ ነው እንጂ ክፉ" ይል ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ልጁ ድንገት "እሺ፣ ሰርጋችን ላይ በሬውን ማን ሊያርድ ነው?" አለኝ። "የእኔ ሰው ካረደ ያንቺ ወገን አይበላ፣ ያንቺ ሰው ካረደ የእኔ አይበላ።"

"ዓሣ እናበላቸዋለን፤ ዓሣ ማንም አያርደውም" አልኩት።

"የወሎን ሰው ዓሣ ብቻ አብልተሽ በሰላም ልትሸኚ?"

ሳቅን። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አለቀና እሱ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ጥር ላይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሊያገባኝ የፈለገው የአባቴ የረጅም ጊዜ ደንበኛ ልጅ ነው፣ ጎንደሬ፣ ጨዋ፣ እንከን የማይወጣለት። አባቴ "ምን ትያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሲጠይቀኝ ግን ለሽማግሌዎቹ እሺ ብሎ ጨርሶ ነበር። በማግስቱ መኪናዋ እንደልማዷ ስትጠፋ ጋራዥ ሄድኩና በርሜሉ ላይ ሳልቀመጥ፣ እንደቆምኩ ነገርኩት። "ሽማግሌ መጥቷል። አንተ ብቻ ነይ በለኝ። ደሴም ቢሆን፣ ከዚያ ወዲያም ቢሆን እከተልሃለሁ" አልኩት። በጨርቅ እጁን ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ "መኪናዋን እስከ ቅዳሜ ተዉልኝ። መልሴን ቅዳሜ እነግርሻለሁ" አለኝ።

እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደኖርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ በነጠላ ቋጥሬ አልጋዬ ሥር አስገባሁ። እናቴ ስትጠራኝ እደነግጣለሁ፣ አባቴ ሲስቅልኝ ፊቴን አዞራለሁ። ግን ቆርጬ ነበር። ነይ ካለኝ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ስደርስ ሞተሩን አስነሳው። መነሳቱን ያወቅሁት የኮፈኑ ሙቀት እጄን ሲነካኝ ነው እንጂ ድምፁስ አይሰማም ነበር። ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ ገጥሞታል። ካንዴላዎቹን በአዲስ ለውጧል። ትንሿን ብሎን አሳየኝ፤ አጥብቋት በላይዋ ቀይ ቀለም ነክቶባታል።

"አጥብቄያታለሁ። ከእንግዲህ አትላላም" አለኝ።

"መልሱስ?" አልኩት።

ቀና አላለም። "መጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ለካንዴላው ጠርጥረውኝ ነበር" አለ። "አሁን 'ልጄን አደራ፣ ሲመሽ አንተ ሸኝልኝ' ነው የሚሉኝ። አደራ በልቼ የት እደርሳለሁ? እናቴስ በየት ታልፋለች?"

"እኔ የሰው አደራ ዕቃ አይደለሁም። ሰው ነኝ" አልኩት።

የመኪናውን በር ከፈተልኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ገባሁ፤ እንደልማዱ እየነዳ ቤት አደረሰኝ። የመንገዱ ጫጫታ፣ የወያላው ጩኸት፣ የጋሪው ኳኳታ ሁሉ ይሰማል፤ ከእኛ መኪና ግን ምንም አልወጣም። እኔ መልስ ጠበቅሁ፣ እሱ ሞተር ሠርቶ መለሰልኝ።

ቤታችን የዚያን ዕለት ደስታ ነበር። አባቴ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ሞተሩን አስነሳና ጎረቤቱን ጠራ። ውሃው ንቅንቅ አላለም። "አያችሁ? ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ማለት ይህ ነው" እያለ ዞረ። እናቴ "ጸበሉ ነው ያዳናት፤ ደግሞ አንተ አታምንም" አለችው። እኔ መጋዘን ገብቼ በበርበሬ ጆንያዎቹ መሃል ተንሰቀሰቅኩ። እናቴ መጥታ ምን ሆነሻል ስትለኝ "በርበሬው ነው፣ ዓይኔን" አልኳት። አመነችኝ፣ ወይም ያመነች መሰለች። የነጠላ ቋጠሮዬን በማግስቱ ፈታሁ።

ዛሬ ጋራዡ የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ቆሞ ሻንጣ ይሸጥበታል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። አንድ ቀን አላስከፋኝም። ይህን የምልሽ እንዳትፈርጂበት ነው። እሱን የሚያህል ሰው አጠገቤ ተኝቶ እኔ ጠዋት ጠዋት የአባቴ መኪና ቁልፉ አንዴ ሲዞር ስትነሳ ይሰማኝ የነበረው ሐዘን ትዝ ይለኝ ነበር። ድሮ ስትንተፋተፍ፣ ሰው ሲገፋት፣ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ጋራዥ ልሄድ ነው ማለት ነበራ።

ያኔ ሰርጌ ደርሶ የሙሽራ መኪና የማን ይሁን ሲባል አባቴ "የእኔው አለች አይደል እንዴ? አሁን እንደ እሷ ያለ ሞተር ማን አለው?" አለ። ድሮ ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ይስቅበት ነበር። አሁን ግን ሁሉም እውነት ነው አለ። በአበባና በሪባን አስጌጧት። ሚዜው መሪውን ያዘ፣ እኔ በቬሎዬ ከሙሽራው አጠገብ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዋናው መንገድ በሰውና በጋሪ ስለተዘጋ ሚዜው በሶማሌ ተራ ጀርባ አዞረ። ልክ ጋራዡ ፊት ለፊት ስንደርስ ጆንያ የጫነ ጋሪ ተገልብጦ መንገዱን ዘጋውና ቆምን።

ያን ጊዜ መኪናዋን ለመንኳት። አንዴ ጥፊ አልኳት፣ አንዴ ብቻ፤ ኮፈንሽን ሊከፍት ይምጣ፣ አንዴ ልየው። ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ከኋላ ጥሩምባው ይጮሃል። መኪናዋ ቆማ ሞተሯ ፀጥ ብሎ ይዞራል። ልጁ ጨርቅ እንደያዘ ከጋራዡ ወጣ። በእኔ በኩል አልመጣም። ከፊት በኩል፣ ከኮፈኑ አጠገብ ቆመና አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን መስማት ጀመረ። ሚዜው በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ምን ሆነች? ችግር አለ?" ቢለው ራሱን ነቅንቆ የለም አለው። ጋሪው ተነሳ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ሄድን። ዘወር ብዬ በኋላ መስታወት አየሁት። ዓይኑን እንደጨፈነ እዚያው መሃል መንገድ ላይ ቆሟል፤ ጋሪ ነጂው ዞር በል ብሎ ሲጮህበት እንኳ አልሰማም። ሞተር ደህና መሆኑን ለማወቅ ያን ያህል መስማት አያስፈልግም ነበር።